የካርዷ ሰዓት

ዘርትሁን ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ሰርቨሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ኢያሱ ቁጥር ይጠራል፤ እሷ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን መልሳ ታነብለታለች።

«ዐሥር ነጥብ ሃያ ነጥብ አራት ነጥብ ዐሥራ ሁለት። አይፒው ይኸው ነው?»

«እሱ ነው። ማስኩ ያው የተለመደው። የጌትዌዩ መጨረሻ አንድ ይሁን። ሴቭ እንዳትይው፣ ሰዓቱ ይቀረናል።»

«እሺ ጌታው።»

«ዝናብ ነው የሚሰማኝ ወይስ መስመሩ ነው?»

«ዝናብ ነው። ቦንጋ ነው ያለሁት እኮ።»

አድራሻ የሚሞሉት ለሰርቨሩ ለራሱ አልነበረም፤ በሆዱ ውስጥ ለተሰካች፣ ግማሽ መዳፍ ለምታህል ካርድ ነው። ካርዷ የራሷ ኬብል፣ የራሷ አድራሻ፣ የራሷም ሰዓት አላት። ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ እሷ ነቅታ ታድራለች። መቼ በራ፣ መቼ ጠፋ፣ መቼ ሞቀ፣ ሁሉንም ትመዘግባለች። ዛሬ አድራሻዋ ከዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ጋር ከተገጠመ፣ ኢያሱ አዲስ አበባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የቦንጋውን ሰርቨር ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ክፍል የሚገባ ሰው እምብዛም አያስፈልግም።

ክፍሉ የጣውላ ነው። ድርጅቱ ከጫካ ቡና ገበሬዎች እየሰበሰበ ለላኪዎች የሚያቀርብ ነውና፣ ቤቱ ዱሮ የቡና ናሙና ማስቀመጫ ነበር። ጥሬ ቡናው ከወጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሞላውም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሽታው ከግድግዳው ይወጣል። ሰርቨሩ የመጣ ቀንም እንዲሁ ይዘንብ ነበር። ከጅማ በአይሱዙ ተጭኖ ሲደርስ ጋሽ ወልደሥላሴ ኮታቸውን አውልቀው ካርቶኑን አለበሱት፤ እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ። ዘርትሁን ያን ጊዜ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበረች። «ነይ ልጄ፣ በዚያ በኩል ያዢ፤ ሕፃን እንደያዝሽ አድርገሽ» አሏት። ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጽሕፈት ክፍል አልተመለሰችም።

ጋሽ ወልደሥላሴ በወጣትነታቸው የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ኮምፒውተር የተማሩት ሃምሳ ከሞላቸው በኋላ፣ ከማሽኑ ጋር በመጣ መጽሐፍ ነው። አንድ መስመር ያነባሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይሠሩታል፣ መነጽራቸውን መልሰው ያደርጋሉ። ሁለቱ በዚህ ክፍል ሰባት ዓመት አብረው ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለእሷ ሰጥተው ጫካው ውስጥ ማንኪራ መንደር ገቡ፤ ንብ ያዙ።

«በይ አሁን ሰዓቱ ያለበትን ገጽ ክፈቺው» አለ ኢያሱ። «ስንት ይላል? ከመቀየራችን በፊት ልመዝግበው።»

ከፈተችው። ቀኑ በፈረንጅ ተጽፏል፤ ልክ ነው። ከሥሩ 04:10 ይላል። የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች፤ አራት ከዐሥራ ሁለት። ልክ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ወደኋላ ቀርቷል ልትለው አፏን ከፍታ ዝም አለች።

ልክ መሆን አልነበረበትም። ማሽን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ እጇ ላይ አራት ሲሆን እሱ ዐሥር ማለት አለበት። ዘርትሁን በማሽን ፊት ስትቀመጥ ስድስት መደመርና መቀነስ እንደ መተንፈስ ሆኖላታል፤ አታስበውም። ይኼኛው ግን ከእጇ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘችው ዐይኗ አለፈው።

«ዘርትሁን? አለሽ?»

«አለሁ። መስመሩ እየተቆራረጠብኝ ነው። ልደውልልህ?»

«ታይም ሰርቨሩን ሙዪና ሴቭ አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ ደውይልኝ።»

«እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰርቨሩ በድንገት ጠፍቶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ የሚሠራበት ሰው ስለሌለ የታወቀው ሰኞ ጠዋት ነው። ሲበራ ዲስኩ አልነሣ አለ። አራት መዝጋቢዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ፣ የየገበሬውን የቡና ቦታ በጂፒኤስ እየለኩ ያስገቡት የዘጠኝ ቀን ሥራ አብሮ ጠፋ። ዲስኩ ተቀየረ፤ መዝገቡ ግን አልተገኘም። ዘርትሁን በኢያሱ ትእዛዝ የካርዷን መዝገብ አውጥታ ላከች። ኢያሱ አነበበው፤ ቅዳሜ 03:20፣ ማብሪያ ማጥፊያው በእጅ ተጭኖ ሰርቨሩ ጠፋ ይላል። 03:20 በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ነው፤ የሌሊት ጥበቃው ዋለ። ለእሳት አደጋ ተብሎ መለዋወጫ ቁልፍ የሚያዘው በእሱ እጅ ነው። ዋለ አልነካሁም ብሎ ማለ፤ ማን ይስማው? ከሥራ ታግዶ እቤቱ ከተቀመጠ ስምንት ቀኑ ነው። ነገ ዓርብ በሦስት ሰዓት ጉዳዩ ታይቶ ይሰናበታል።

እና ካርዷ የምትቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ከሆነ፣ 03:20 ሌሊት አይደለም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።

ዘርትሁን ላፕቶፑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሃያ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሷና ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው።

እሷ ተረኛ ነበረች፤ እሳቸው ለገበያ ወጥተው ነበር የመጡት። «ሽማግሌው እንዴት ነው?» አሉ፤ ሰርቨሩን ማለታቸው ነው። ከሠራተኛ በቀር ወደ ክፍሉ ማንም አይግባ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እሷ ራሷ ናት የለጠፈችው። ግን እሳቸውን ማን ሠራተኛ አይደሉም ይላል? ከፈተችላቸው። ወዲያው ጅማ የምትማረው ልጇ ደወለችላትና ዘርትሁን ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደች አወራች። ስትመለስ እሳቸው በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን በጣታቸው አንጠልጥለው ቆመው ነበር። ቁርስ በልተው፣ ስለ ንቡ አውርተው፣ ተሳስቀው ተለያዩ። ጉብኝቱን ለማንም አልተናገረችም። መዝገቡ ሌሊት ካለ የጠዋት እንግዳ ምን አገባው?

አሁን ማድረግ ያለባት አንድ ጣት ማንቀሳቀስ ነው። ሴቭ ካለችው ካርዷ ትክክለኛውን ሰዓት ከመስመር ትወስዳለች፤ ስድስቱ ሰዓት ይጠፋል። ያንን ገጽ ያየ ሌላ ሰው የለም። ዋለ ይሰናበታል፤ ጋሽ ወልደሥላሴም ሽማግሌውን በእጃቸው እንደገደሉት ሳያውቁ ንባቸውን ይዘው ይኖራሉ።

ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ሴቭ አላለችውም። ለኢያሱ መስመሩ እምቢ አለ፣ ነገ እንጨርሰው የሚል መልእክት ልካ ክፍሉን ቆለፈች።

ከምሳ በኋላ ወደ ማንኪራ፣ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ድረስ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ገባች። ዝናቡ አባርቶ ከቅጠሉ ላይ ብቻ ይንጠባጠባል። በዚህ መንገድ ከጋሽ ወልደሥላሴ ጋር ስንቴ ተመላልሳለች! ያን ጊዜ የገበሬው ስም የሚመዘገበው በወረቀት ነበር። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ካፊኖኖ ስለማትችል መልሱን እየተረጎሙ ይነግሯታል። ገበሬው አምስት ቃል ከተናገረ እሳቸው ሃያ አድርገው ነው የሚተረጉሙት። «እሱ ይህን ሁሉ ብሏል?» ስትላቸው «አላለም፤ ግን ማለት ይፈልጋል» ይሏት ነበር። ቦንጋ ሲመለሱ ጫማቸው በጭቃ ከብዶ፣ ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ እሳቸው ሸሚዝ ውስጥ ነው። አንድ ቅጠል ወረቀት ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ደጃቸው ተቀምጠው አዲስ ቀፎ በሐረግ ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«በሥራ ቀን? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ።»

«እንግዲያው ሽማግሌው ነው።»

ዘርትሁን ከጎናቸው ግንድ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን በእንጨት መፋቅ ጀመረች።

«ቅዳሜ የመጡ ዕለት» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ስልክ ላይ ሳለሁ፣ መብራት ብልጭ ብሎ ነበር?»

«ሁለቴ» አሉ። ወዲያው እጃቸው ሐረጉ ላይ ቆመ።

ሁለቴ ብልጭ ካለ ሦስተኛውን አትጠብቂ፤ ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ የነበረው፣ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን ማቆየት ያለበት ዩፒኤስ፣ ባትሪው የሞተ፣ ለጌጥ የተቀመጠ ነበር። የቦንጋ መብራት ሲመለስ ኃይሉን ሰብስቦ ነው የሚመለሰው፤ ስንት ፍሪጅና ስንት ቴሌቪዥን አቃጥሏል። ጋሽ ወልደሥላሴ አምፖሉ ሁለቴ ከጨለመ ተነሥተው ሰርቨሩን ያጠፉታል፤ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉታል፤ መብራቱ ሲረጋ መልሰው ያበሩታል። በዚህ ዘዴ ሰባት ዓመት አቆዩት። የወረዳው ማሽኖች ሁሉ ሲቃጠሉ የእሳቸው ቆመ። አሁን ዩፒኤሱ አዲስ ነው፤ መብራት ብልጭ ቢል ሰርቨሩ አይሰማውም። ይህን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

«አጠፋሁት» አሉ። «አስቤም አይደለም፤ እጄ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ አበራዋለሁ ብዬ ቆለፍሁት። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ቁርስ አልሽኝ።» ዐይናቸውን ወደ ቀፎው መለሱ። «አላበራሁትም አይደል?»

«አላበሩትም።»

«ሲጠፋ ምን ላይ ነበር?»

«የመጠባበቂያ ቅጂ እየወሰደ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እንዲወስድ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ። የዘጠኝ ቀን ምዝገባ ሄደ።»

ያሰሩትን ሐረግ ፈተው እንደገና አሰሩት። ከዚያ ጥያቄያቸው ሌላ ሆነ።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?»

ስለ ዋለ ነገረቻቸው። ሰርቨሩ በሌሊት እንደጠፋ መዝገቡ መናገሩን፣ ዛሬ ግን የካርዷ ሰዓት ከእጅ ሰዓቷ ጋር አንድ ሆኖ ማግኘቷን ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አሉ። «ወሩን ከዝርዝሩ ምረጥ አለኝ፤ ጃንዋሪ ፌብሩዋሪ እያለ የሚሄድ ነው፤ መረጥሁ። ሰዓቱን ግን ጻፍ ብቻ ነው ያለኝ። አየሁና ጻፍሁ። ቦንጋ ተቀምጦ ሰዓት ስንት ነው ሲሉት ሌላ አገር ያለውን የሚናገር ማን ነው?»

ዘርትሁን ሳታስበው ሳቀች። እሳቸውም ሊስቁ ዳድቷቸው ተዉት።

«ነገ በሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልላቸው ነው። ፊልተር ላጸዳ ገብቼ ነካሁት እላለሁ። የእርስዎን ስም አላነሣም። እንዳይደናገጡ ብዬ ነው አስቀድሜ የመጣሁት።»

«ይህን ልትነግሪኝ ነው ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥሽው?»

«ጋሼ፣ እርስዎን እዚያ ክፍል በክፉ የሚያነሣ ሰው የለም። እንዲኖርም አልፈልግም።»

«አንድ ሰው ባልሠራው ነገር እቤቱ ተቀምጧል። ሁለተኛ እንጨምርበት ነው የምትይው?» ቀፎውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ስሜ ምን ይሆናል ብለሽ ፈርተሽ ነው። ስሜ እንዲህ በውሸት ከቆመ ምን ያደርግልኛል? ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ ግቢ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

ዓርብ ከሦስት ሰዓት በፊት ግቢው በር ላይ ነበሩ። ያንኑ የዱሮ ኮት ለብሰዋል፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ዋለም መጥቶ ከግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ረጅም ሰው ነው፤ ለስብሰባው ብሎ ጢሙን ተላጭቷል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ በዛወርቅ ከጅማ ተዛውረው ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጋሽ ወልደሥላሴን በዝና እንጂ በመልክ አያውቋቸውም። የኢያሱ ድምፅ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ይመጣል።

ዘርትሁን ላፕቶፑን ወደ ወይዘሮ በዛወርቅ አዞረችው። «ካርዷ አሁን የምታሳየው ሰዓት ይኸ ነው» አለች።

ወይዘሮ በዛወርቅ ገጹን አዩ። 03:06። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ልክ ነው እኮ» አሉ። «ምንድን ነው ችግሩ?»

እንደገና ገጹን አዩ። እንደገና እጃቸውን። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ይላል?» አለ ኢያሱ ከስልኩ።

«ሦስት ከስድስት» አለች ዘርትሁን።

«ገጹን አስቀድሜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር» አለ ኢያሱ በዝግታ። «ሰዓቷ ልክ ነው ብዬ ነው ያነበብኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ቆመው ተናገሩ። የሆነውን እንደሆነ፣ ከአምፖሉ ጀምረው እስከ ቁርሱ ድረስ ነገሯቸው፤ ምንም አልቀነሱም፣ እንደ አስተርጓሚነት ዘመናቸውም አልጨመሩም። ሲጨርሱ ወደ ዋለ ዞሩ።

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። በእኔ እጅ ነው የታገድከው።»

ዋለ የት እንደሚያይ ጠፋው። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል» አለ። «ስምንት ቀን ተቀምጬ ነበር። ሚስቴ አጥሩን በሙሉ አሳጠረችኝ። አሁን የሚቀረኝ የጎረቤት አጥር ነው።»

ወይዘሮ በዛወርቅ ሊስቁ ነበር፤ ግን ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ዋለ ዛሬ ማታ ሥራውን ይጀምር፣ የታገደበት ቀን እንደሠራ ይቆጠርለት አሉ። ለዘርትሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፤ የክፍሉ ቁልፍም ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ እየፈረመች ትወስዳለች። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞሩ፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ለስለስ አለ።

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል መንገድ መምጣትዎን አከብራለሁ። ግን ወደ ክፍሉ ከእንግዲህ መግባት አይችሉም።»

«ተገቢ ነው» አሉ። «የማንኪራውን ምዝገባ ግን ልጆቹ ሲደግሙት እኔ አዞራቸዋለሁ። የማን ቦታ የት እንደሚደርስ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅባቸው።»

ዘርትሁን ፈርማ ቁልፉን ወሰደች። ጋሽ ወልደሥላሴ እስከ ክፍሉ ድረስ አብረዋት ሄዱ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ዋለ ከጥበቃ ቤቱ ያወጣላቸውን ወንበር ተቀብለው ውጭ፣ ዝናቡ በማይደርስበት ከጣውላው ግድግዳ አጠገብ ተቀመጡ። ዋለም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። በካፊኖኖ ያወራሉ፤ ዘርትሁን ከምትሰማው ውስጥ የምታውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ግን የንብ ወሬ እንደሆነ ገባት።

ትናንት ሳይቀመጥ የቀረውን እንደገና ሞላችው፤ አይፒውን፣ ማስኩን፣ ጌትዌዩን። የሰዓቱ ገጽ ላይ ስትደርስ 03:51 ይላል። ጥቂት ቆየች። ሃምሳ ሁለት ሲሆን አየችው። ከዚያ የታይም ሰርቨሩን አድራሻ ጻፈች፣ ታይም ዞኑን መረጠች፣ ሴቭ አለችው። ካርዷ ጠፍታ እስክትነሣ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደባት። ገጹ ሲመለስ 09:56 ይላል።

«ገባሁ» አለ ኢያሱ በስልኩ። «ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ልሞክረው ነው። ሠራተኞቹ ከሲስተሙ ወጥተውልኛል?»

«ሁሉም ወጥተዋል።»

«እንግዲያው አጥፍቼ አበራዋለሁ። እንዳትነኪው።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ማራገቢያው ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ሄዶ ቆመ። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። በክፍሉ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ወሬው ተቋረጠ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራቱ በራ፤ ማራገቢያው አንዴ ጮኸና ወደ ልኩ ተመለሰ። ዘርትሁን በዚህ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ስትኖር ሰርቨሩ ያለ ሰው እጅ ሲነሣ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ በጣውላው ማዶ።

«አይደለሁም ጋሼ። ኢያሱ ነው፣ ከአዲስ አበባ።»

የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጡ።

«ጥሩ አድርጎ ነው ያነሣው» አሉ። ከዚያም ለዋለ ያቋረጡትን ወሬ ቀጠሉ።